ካርቦን የሌለው የነፋስ ዲናሞ

(በሬዲዮ ከተነገሩት ንግግሮች)



ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብኩት ጣት ስለምታህል አንዲት ጥቁር ቁራጭ ነው። ይህች ቁራጭ በዋጋዋ ርካሽ፥ በመልኳም የከሰል ስባሪ የምትመስል ናት፤ ነገር ግን ከነፋስ ኤሌክትሪክ የሚያወጣውን ትልቅ መኪና ልታሠራውም ልታቆመውም ትችላለች። የእጅ ባለሙያዎቻችን ካርቦን ይሏታል። ያለ እርስዋ የሚሠራ የነፋስ ዲናሞ ለማግኘት በልዩ ልዩ አገር ብዙ ሊቃውንት ደክመዋል። የድካማቸው ፍሬ ምን እንደ ሆነ፥ ለአገራችንም ምን እንደሚጠቅም፥ ይልቁንም በመሥሪያ ቤት ተቀምጠን ውል የምናዘጋጅና ግዥ የምንፈጽም የመንግሥት ሠራተኞች ስለዚህ ነገር ምን ማወቅ እንደሚገባን ባጭሩ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በዚህ በሐዋሳ ከተማ ካርቦንን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በከተማይቱ ጎዳናዎች የሚመላለሱትን ባጃጆች ወደሚጠግን ሠራተኛ ጎራ ብትሉ፥ የማስነሻውን ሞተር ፈትቶ ያለቀውን ካርቦን በአዲስ ሲለውጥ ልታገኙት ትችላላችሁ። የካርቦኑ ሥራ ይህ ነው። ማናቸውም ሞተር ወይም ዲናሞ ሁለት ዋና ክፍሎች አሉት፤ አንዱ ከቦታው የማይነቃነቅ ቋሚ አካል ነው፤ ሁለተኛውም ብዙ ጊዜ በቋሚው ውስጥ የሚዞር ተሽከርካሪ አካል ነው። ለተሽከርካሪው ኤሌክትሪክ መስጠት በሚያስፈልግበት ጊዜ ችግር ይነሣል። በሽቦ ቢታሰር ሽቦው ተጠምዝዞ ይበጠሳል። ስለዚህ በስፕሪንግ የተገፋ ካርቦን በሚዞረው አካል ላይ እየተፋተገ ኤሌክትሪኩን ያቀብለዋል። የሚፋተግ ነገር ሁሉ ደግሞ ማለቁ አይቀርም። ካርቦኑ እያጠረ ይሄዳል፤ ዱቄቱም በመኪናው ውስጥ ይበተናል፤ ዱቄቱ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ በመሆኑ በማይገባው ቦታ ሲከማች ሌላ ብልሽት ሊያመጣ ይችላል። በባጃጅ ላይ ይህ የአንድ ሰዓት ጣጣ ነው። መኪናው በረጅም ምሰሶ ጫፍ ላይ የተሰቀለ እንደ ሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ከሐዋሳ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው ሞጆ ሲደርስ ወደ አዳማ ቢታጠፍ፥ በከተማይቱ አጠገብ ባሉት ኮረብቶች ላይ በነፋስ የሚዞሩ ትልልቅ ነጫጭ ክንፎችን ያያል። በእነዚህ ኮረብቶች ላይ ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ጎን ለጎን ቆመዋል። ፊተኛው በፈረንጆች አቆጣጠር በ2012 የተፈጸመው የአዳማ አንድ ነው፤ 34 ተርባይኖች ሲኖሩት ጠቅላላ ኃይሉ 51 ሜጋዋት ነው። ሁለተኛው በ2015 የተመረቀው የአዳማ ሁለት ሲሆን 102 ተርባይኖችና 153 ሜጋዋት ኃይል አለው። በመካከሉም በ2013 በመቀሌ አቅራቢያ በአሸጎዳ 84 ተርባይኖች ያሉት የ120 ሜጋዋት ማመንጫ ተመርቋል። ከዚያ ወዲህ ሥራው በአይሻና በአሰላ ቀጥሏል። የአገራችን የኤሌክትሪክ መስመር እርስ በርሱ የተያያዘ መረብ ነውና፥ በአዳማ ኮረብታ ላይ የተገኘው ኃይል በሐዋሳ ለሚበራው መብራት፥ በ2016 በተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክም ለሚዞረው የልብስ ስፌት መኪና ድርሻ አለው።

አብዛኛው ኤሌክትሪካችን ከውኃ የሚገኝ ሲሆን ነፋስ ለምን አስፈለገ የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። መልሱ በአገራችን የአየር ጠባይ ውስጥ ይገኛል። በበጋ ወራት ወንዞች ሲቀንሱና ግድቦች ሲጎድሉ፥ በብዙ ቦታ ነፋሱ በርትቶ የሚነፍሰው በዚያው ጊዜ ነው። ስለዚህ ነፋሱ ሠርቶ ውኃው ለነገ እንዲቆይ ማድረግ ይቻላል። ነገር ግን ይህ የሚሆነው ተርባይኖቹ በሚፈለጉበት ወራት ቆመው ካልተገኙ ነው። በበጋ የቆመ ተርባይን በገበያ ቀን እንደተዘጋ ሱቅ ነው።

አሁን ወደ ዲናሞው ልመለስ። ነፋስ እንደ ግድብ ውኃ በበር የሚለቀቅና የሚዘጋ ነገር አይደለም፤ አንድ ጊዜ ይበረታል፥ አንድ ጊዜ ይደክማል። የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ በሆነ ጊዜ በውስጡ ያለው ኃይል ስምንት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ክንፉ ነፋሱን ተከትሎ ሲፈጥን እንዲፈጥን፥ ሲዘገይም እንዲዘገይ ማድረግ ትርፉ ብዙ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ የኤሌክትሪክ መስመራችን በሰከንድ 50 ጊዜ ከሚመላለስ ኃይል በቀር ሌላ አይቀበልም። እንግዲህ ችግሩ፥ ፍጥነቱ በየጊዜው ከሚለዋወጥ ክንፍ ምንጊዜም የማይለዋወጥ ኤሌክትሪክ ማግኘት ነው።

ለዚህ ችግር በአዳማ ኮረብቶች ላይ ሁለት ልዩ ልዩ መፍትሔዎች በጎረቤትነት ቆመው ይገኛሉ። በአዳማ ሁለት የተተከሉት ተርባይኖች በሁለት በኩል የሚመገብ የተባለው ዲናሞ ያላቸው ናቸው። በደቂቃ ከ10 እስከ 20 ጊዜ ያህል የሚዞረው የክንፉ ዘንግ፥ ሾፌሮች ካምቢዮ በሚሉት ዓይነት የጥርስ ሣጥን አማካይነት ከ1000 በላይ ወደሆነ ዙር ከፍ ይላል። ቋሚው አካል በቀጥታ ከመስመሩ ጋር ይገናኛል፤ ተሽከርካሪው አካል ደግሞ ኮንቨርተር በተባለው የኃይል መለወጫ በኩል ይመገባል። አራት ዋልታ ያለው ዲናሞ በደቂቃ 1500 መዞር ሲገባው ነፋሱ ደክሞ 1200 ብቻ ቢዞር፥ መለወጫው በሰከንድ 10 ጊዜ የሚመላለስ ኤሌክትሪክ ለተሽከርካሪው ሰጥቶ ጉድለቱን ይሞላል። ዘዴው በጣም ብልህ ነው፤ ምክንያቱም በመለወጫው ውስጥ የሚያልፈው ከጠቅላላው ኃይል ሢሶ ያህሉ ብቻ ስለሆነ መሣሪያው ትንሽ፥ ዋጋውም ቀላል ይሆናል። ይሁን እንጂ ለተሽከርካሪው ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው ያው ካርቦን ነው።

በአዳማ አንድ የተተከሉት ግን ካምቢዮም ካርቦንም የላቸውም። ክንፉ ራሱ ዲናሞውን በቀጥታ ያዞረዋል፤ በተሽከርካሪውም ላይ ኤሌክትሪክ የማይፈልግ ቋሚ ማግኔት ተለጥፏል። ይህ ደግሞ የራሱ ዋጋ አለው። ዲናሞው ቀስ ብሎ ስለሚዞር አካሉ ሰፊ መሆን አለበት፤ ኃይሉም ሢሶው ብቻ ሳይሆን በሙሉ በመለወጫው ውስጥ ያልፋል፤ ማግኔቱ የሚሠራበት ማዕድን ደግሞ በአብዛኛው በአንድ አገር፥ በቻይና፥ የሚወጣና የሚጣራ ስለሆነ ገበያው በሌላ እጅ ነው። እንግዲህ አንደኛው ካርቦን ይበላል፤ ሁለተኛው ውድ ማግኔትና ትልቅ መለወጫ ይጠይቃል።

ሦስተኛ መንገድ ይኖር ይሆን? አለ። ይህም ካርቦን ሳይኖረው በሁለት በኩል የሚመገበው ዲናሞ ነው። በዚህ መኪና ቋሚው አካል ላይ አንድ ሳይሆን ሁለት የመዳብ ሽቦ ጥምጥሞች ይቀመጣሉ፤ አንዱ ለምሳሌ 4 ዋልታ፥ ሌላው 8 ዋልታ ያለው ይሆናል። የዋልታቸው ቁጥር ስለሚለያይ ሁለቱ በአንድ ብረት ውስጥ ጎን ለጎን ሲኖሩ እርስ በርሳቸው በቀጥታ አይነካኩም። ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ እንዲሉ፥ ቋንቋቸው የተለያየ ሁለት ነጋዴዎች በአንድ ቤት እንደተቀመጡ ቍጠሩት። በመካከላቸው የሚያስማማቸው አስተርጓሚ ተሽከርካሪው አካል ነው። ይህ አካል ከውጭ ምንም ኤሌክትሪክ አይቀበልም፤ በላዩ አንዱ በሌላው ውስጥ እንደ ሽንኩርት ልባስ የተደራረቡ የመዳብ ቀለበቶች በስድስት ወገን ተሰድረውበታል። ከአንደኛው ጥምጥም የተቀበለውን የማግኔት ኃይል ለሁለተኛው በሚገባው ቋንቋ ተርጕሞ ያደርሰዋል። ኤሌክትሪክ የሚገባውም የሚወጣውም ከማይንቀሳቀሰው አካል ስለሆነ የሚፋተግ ካርቦን አያስፈልግም።

ስሌቱንም ለመከታተል ለሚወድ ሰው አስቸጋሪ አይደለም። ባለ 4 ዋልታው 2 ጥንድ፥ ባለ 8 ዋልታው 4 ጥንድ ነው፤ በጠቅላላው 6 ጥንድ ይሆናል። የመስመሩ 50 በደቂቃ 60 ሰከንድ ሲባዛ 3000 ይሆናል፤ ለ6 ሲካፈል 500 ይወጣል። እንግዲህ የመኪናው መካከለኛ ፍጥነት በደቂቃ 500 ዙር ነው። ነፋሱ ሲበረታ መለወጫው ለሁለተኛው ጥምጥም በሰከንድ 15 ጊዜ የሚመላለስ ኤሌክትሪክ ቢሰጥ፥ 50 እና 15 ተደምረው ፍጥነቱ 650 ይደርሳል። ነፋሱ ሲደክም ያው 15 አቅጣጫው ተገልብጦ ቢሰጥ፥ ከ50 ተቀንሶ ፍጥነቱ 350 ይሆናል። ክንፉ በዚህ ሁሉ ሲፈጥንና ሲዘገይ ወደ መስመሩ የሚሄደው ኤሌክትሪክ 50 መሆኑ አይለወጥም። በመለወጫውም ውስጥ የሚያልፈው ከሢሶ የማይበልጠው ኃይል ብቻ ነው። ከዚህም በላይ 500 ዙር ከ1500 ያነሰ ስለሆነ ካምቢዮው ቀለል ያለ እንዲሆን ያስችላል።

ይህ አሳብ አዲስ አይደለም። ሐንት የተባለ የእንግሊዝ አገር መሐንዲስ በ1907 ሁለት ዓይነት ዋልታ በአንድ ብረት ላይ ያጣመረ ሞተር ማሠራቱን ለሙያ ጓደኞቹ ገለጸ። በ1970 ደግሞ ብሮድዌይና በርብሪጅ የተባሉ ሁለት መሐንዲሶች አሁን የነገርኳችሁን ዓይነት ጠንካራና ቀላል ተሽከርካሪ አሳዩ። ሆኖም መኪናውን እንደ ልብ ለማዘዝ የሚያስችለው የኃይል መለወጫ በርካሽ እስኪገኝ ድረስ ሥራው በቤተ ሙከራ ተወስኖ ቆየ። በ2009 የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት 20 ኪሎዋት ኃይል ያለው እንዲህ ያለ ዲናሞ በነፋስ ተርባይን ላይ ሰቅለው አሠሩ፤ በኋላም 250 ኪሎዋት የሆነውን ሠርተው መረመሩ። እንዲህ ያለ ነገር ከቤተ ሙከራ ወደ ገበያ የሚሄደው ቀስ ብሎ ነው፤ በዓለም ላይ የተስፋፉት እስከ ዛሬ ድረስ በአዳማ ያየናቸው ሁለቱ ዓይነቶች ናቸው።

ምክንያቱም ሦስተኛው መንገድ እንዲሁ በነጻ የሚገኝ አይደለም። አንድ ብረት ሁለት የማግኔት ኃይሎችን አንድ ላይ ስለሚሸከም፥ ኃይሉ እኩል ከሆነው ተራ ዲናሞ ይልቅ መጠኑና ክብደቱ ከፍ ይላል። በተሽከርካሪው ውስጥ በሙቀት የሚባክነው ኃይል ይጨምራል። የዋልታዎቹ ቁጥር በአግባቡ ካልተመረጠ መኪናው ወደ አንድ ወገን እየተሳበ ይንቀጠቀጣል፤ ኩሽኔታውም ቶሎ ይበላል። በተቃራኒው ደግሞ መስመሩ በድንገት ሲወድቅና ሲነሣ፥ ይህም በየቤታችን መብራት ሲደበዝዝ የምናውቀው ነው፥ ይህ ዲናሞ ከካርቦን ወገኑ ይልቅ ድንጋጤውን መቻል ይቀለዋል። ስለዚህ የአንድ መኪና በጎነት በሻጩ ቃል የሚታወቅ አይደለም፤ በመለካት የሚታወቅ ነው።

ልኬቱ እንዴት ይደረጋል? በመጀመሪያ መኪናው ቆሞ ሳለ የጥምጥሞቹ ልባስ ኤሌክትሪክ የማያሾልክ መሆኑ ይመረመራል። ቀጥሎም አንደኛው ጥምጥም ኤሌክትሪክ ተሰጥቶት ሁለተኛው ጫፉ ተገናኝቶ ሲታሰር፥ መኪናው በየፍጥነቱ የሚያሳየው የመጠምዘዝ ጉልበት ይመዘገባል፤ ከዚህም መዝገብ መሐንዲሱ የውስጡን ጠባይ ያሰላል። ከዚያ በነፋስ ፋንታ ሌላ ሞተር እንዲያዞረው ተደርጎ ከ350 እስከ 650 ባለው ፍጥነት ሁሉ ይሞከራል። በዘንጉ በኩል 10 ኪሎዋት ገብቶ በሽቦው በኩል 9 ቢወጣ፥ አንዱ ኪሎዋት ሙቀት ሆኖ መቅረቱ ይታወቃል። በመጨረሻም ሙሉ ጭነት ተሸክሞ ሙቀቱ መጨመር እስኪያቆም ድረስ ለብዙ ሰዓት ይዞራል።

ይህ የመጨረሻው ፈተና ለእኛ ከሁሉ የበለጠ ነው። በዓለም አቀፉ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ደንብ መሠረት አንድ መኪና ልዩ ውል ካልተነገረለት በቀር ከባሕር ወለል በላይ ከ1000 ሜትር በማይበልጥ ቦታ እንደሚሠራ ታስቦ ይሰፈራል። ሐዋሳ ግን 1700 ሜትር ያህል ከፍታ አላት፤ የአዳማም ኮረብቶች ከ1000 ሜትር በእጅጉ ይበልጣሉ። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ መኪናውን የማቀዝቀዝ አቅሙ ያንሳል። በመሐንዲሶች ዘንድ በታወቀው ግምት፥ የጥምጥሙ ሙቀት ከሚገባው በ10 ዲግሪ ቢያልፍ የልባሱ ዕድሜ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ ያለፈው ፈተና ለደጋ አገር ምስክር መሆን አይችልም።

ካርቦንም ቢሆን የአየሩን ጠባይ ያውቃል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እጅግ ከፍ ብለው በሚበሩ አውሮፕላኖች ውስጥ ካርቦኖች በጥቂት ሰዓት ዱቄት እየሆኑ አስቸገሩ። ምክንያቱ ሲመረመር የላይኛው አየር እርጥበት ማጣት ሆኖ ተገኘ፤ በካርቦኑና በቀለበቱ መካከል እንደ ቅባት ሆኖ ፍትጊያውን የሚያለዝበው በአየር ውስጥ ያለው እርጥበት ነውና። ኮረብቶቻችን የአውሮፕላን ከፍታ የላቸውም፤ ነገር ግን ነፋሱ የሚበረታበት የበጋ ወራት ደረቅና አቧራማ መሆኑን ማንም የሚክድ የለም። ካርቦን በአገራችን በጋ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ ከውጭ የመጣ መጽሐፍ ሳይሆን በአገር ውስጥ የተያዘ መዝገብ ሊነግረን ይገባል።

ይህን ዓይነቱን ምርመራ ለማድረግ በረጅም ምሰሶ ላይ መውጣት ግዴታ አይደለም። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትን የመሰለ ትምህርት ቤት ሁለት ሞተሮችን በአንድ ዘንግ አጋጥሞ፥ ተሽከርካሪዎቻቸውን እርስ በርስ አያይዞ፥ በሦስተኛ ሞተር እያዞረ የሥራውን መሠረት ሊያሳይ ይችላል፤ የዚህ ዲናሞ አባቶችም በመጀመሪያ የተነሡት ከእንዲህ ያለ ጥንድ ሞተር ነው። የተቃጠለ ሞተር በእጃቸው የሚጠመጥሙ ባለሙያዎች በየከተማችን አሉ። የእነርሱ እጅና የተማሪዎቹ ስሌት ቢገናኙ፥ በ1700 ሜትር ከፍታ የተለካ የሙቀት መዝገብ ለማግኘት የሚጎድለን ፈቃድና ትዕግሥት ብቻ ነው ለማለት እደፍራለሁ።

አሁን ወደ ራሳችን፥ ወደ መንግሥት ሠራተኞች፥ ልምጣ። የነፋስ ተርባይን ዲናሞው የሚገኘው ብዙ ጊዜ ከ60 ሜትር በላይ በሆነ ምሰሶ ጫፍ ነው። ያለቀ ካርቦን ለመለወጥ ሠራተኛው መሣሪያውን ይዞ ይወጣል፤ እርሱ በሚሠራበት ጊዜ ተርባይኑ ይቆማል፤ ነፋሱም ያለ ዋጋ ያልፋል። ካርቦኑ በመጋዘን ከሌለ ደግሞ የውጭ ምንዛሪ እስኪፈቀድ፥ ዕቃው እስኪጫን፥ ከጉምሩክም እስኪወጣ ድረስ ሚሊዮኖች የወጡበት መኪና አንዲት ቁራጭ ይጠብቃል። ይህ እንዲሆን ወይም እንዳይሆን የሚወሰነው በምሰሶው ጫፍ አይደለም፤ ከብዙ ዓመት በፊት በቢሮ ጠረጴዛ ላይ በተጻፈው ውል ነው። ውሉን የሚጽፈው ሰው ምሰሶውን በሕይወቱ ላይወጣ ይችላል፤ ሆኖም የሚወጣውን ሰው ድካም የሚያቀለው ወይም የሚያከብደው እርሱ ነው።

ስለዚህ በግዥ ኮሚቴ የተቀመጠ ባለሥልጣን መሐንዲስ ባይሆንም እንኳ አንዳንድ ነገር መጠየቅ ይችላል። በዚህ መኪና ውስጥ እየተፋተጉ የሚያልቁት ክፍሎች የትኞቹ ናቸው? በስንት ጊዜስ ይለወጣሉ? የሚለወጡበት ዋጋ ለብዙ ዓመት ተሰልቶ በመግዣው ዋጋ ላይ ተደምሯል ወይ? መኪናው የተፈተነው በምን ያህል ከፍታ ላይ ነው? ፈተናው ሲደረግ የእኛ መምህራንና ቴክኒሻኖች በአጠገቡ ቆመው ያያሉ ወይ? የመለኪያውስ መዝገብ በሙሉ ይሰጠናል ወይ? እነዚህን ጥያቄዎች ለመጠየቅ ከባድ ትምህርት አያስፈልግም፤ ለሕዝብ ገንዘብ ማሰብ ይበቃል። የሚገኘው መልስ አንድ ቀን ካርቦን የሌለውን ዲናሞ እንድንመርጥ ያደርገን ይሆናል፤ ወይም ካርቦን ያለውን መርጠን በቂ መለዋወጫ በመጋዘን እንድናስቀምጥ ያደርገን ይሆናል። በሁለቱም መንገድ አውቀን መርጠናል ማለት ነው።

ነፋሱ የራሳችን ነው፤ ማንም በምንዛሪ አይሸጥልንም። ነፋሱን ወደ ብርሃን የሚለውጠውን መኪና ግን ዛሬ ከውጭ እንገዛለን። መኪናውን ወደ ፊት በአገራችን እስክንሠራው ድረስ፥ ቢያንስ ሚዛኑና መለኪያው በእጃችን ይሁን። የሚለካ ገዢ አይታለልም፤ የለካውንም መዝግቦ የሚያቆይ ለሚከተለው ትውልድ ሥራ ያቀልለታል።